«ሥራ አለዎት?» ብላ ደጃችንን የምታንኳኳው ተማሪ

አንድ ቀን ረፋዱ ላይ ምጣዱ ግሎ፣ ሊጡ ቀጥኖ፣ ሕፃኑ ከጀርባችሁ ታዝሎ ሳለ የግቢያችሁ በር ይንኳኳል እንበል። ስትከፍቱ አንዲት ወጣት ደብተርና እስክሪብቶ ይዛ ቆማለች። አንገቷ ላይ የኮሌጅ መታወቂያ ተንጠልጥሏል። ጎንበስ ብላ እጅ ትነሣና «ጤና ይስጥልኝ፤ የኮሌጅ ተማሪ ነኝ። ለትምህርቴ የሚሆን ጥቂት ጥያቄ ልጠይቅዎት ነበር» ትላለች። ምን ትመልሱላታላችሁ?

አንዳንዶቻችን «ምጣድ ጥጄ ነው፣ ሌላ ቀን ነይ» እንላለን። አንዳንዶቻችን ደግሞ ለእርዳታ የምትመዘግብ መስሎን በችግራችን ላይ ችግር ጨምረን እንናገራለን። የግብር ወይም የቤት ጉዳይ ይሆናል ብለን በመጠርጠር ያለንን የምንደብቅም አለን። «ግቢ ልጄ፣ አረፍ በይና ጠይቂ» የሚሉት ጥቂቶች ናቸው። የዛሬው ጽሑፋችን ዓላማ ይህች ተማሪ ምን እንደምትፈልግ፣ የምታጠናው ትምህርት ምን እንደ ሆነ፣ ጥያቄዋም ለእኛ ለሴቶች ምን ፋይዳ እንዳለው መግለጽ ነው። ልጃቸው «ሶሲዮሎጂ ልማር ነው» ስትላቸው «ይህ ደግሞ ምን ያደርግልሻል?» ብለው የሚጨነቁ ወላጆችም ስለሚኖሩ፣ ለእነርሱም ጥቂት ለማለት እንወዳለን።

ትምህርቱ ስለ ምን ነው?

ሶሲዮሎጂ፣ ወይም ሥነ ኅብረተሰብ፣ ሰዎች አብረው ሲኖሩ የሚፈጥሩትን ግንኙነት፣ ልማድና ደንብ የሚመረምር የትምህርት ዘርፍ ነው። ቤተሰብ፣ ጋብቻ፣ ጉርብትና፣ እድር፣ እቁብ፣ ሥራ፣ ድህነት፣ ስደት፣ እነዚህ ሁሉ የሚያጠናቸው ጉዳዮች ናቸው። ስያሜው የታወቀው በ19ኛው መቶ ክፍለ ዘመን በፈረንሳዊው ፈላስፋ በኦጉስት ኮንት አማካይነት ሲሆን፣ ዛሬ በአገራችን በተለያዩ ዩኒቨርሲቲዎች ይሰጣል።

ትምህርቱን በቀላሉ ለመረዳት አንድ ምሳሌ እንውሰድ። አንዲት እናት ውኃ ለመቅዳት በሌሊት ብትነሣ የእርሷ ዕድል ነው፣ ምናልባትም የቧንቧዋ ብልሽት ነው ሊባል ይቻላል። ነገር ግን በዚያው ሌሊት የሰፈሩ እናቶች ሁሉ ጀሪካን ይዘው ከተነሡ ነገሩ የአንዲት ሴት ዕድል መሆኑ ይቀርና የከተማ ጉዳይ ይሆናል። አሜሪካዊው የሥነ ኅብረተሰብ ምሁር ሲ. ራይት ሚልስ እ.ኤ.አ. በ1959 ባሳተሙት መጽሐፍ ያስተማሩት ዋና ነገር ይኸው ነው፤ የአንድን ሰው የግል ችግርና የኅብረተሰብን ጉዳይ ለይቶ ማየት፣ ሁለቱ የሚገናኙበትንም ቦታ መፈለግ።

ተማሪዎችን ከመማሪያ ክፍል አውጥቶ ከሕዝቡ ኑሮ ጋር ማስተዋወቅ ለአገራችን አዲስ አይደለም። የከፍተኛ ትምህርት በ1943 ዓ.ም. በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ ከተጀመረ በኋላ፣ በ1957 ዓ.ም. በተጀመረው የዩኒቨርሲቲ አገልግሎት መሠረት ተማሪዎች ከመመረቃቸው በፊት አንድ ዓመት በየክፍለ ሀገሩ ወጥተው ያገለግሉ ነበር፤ አብዛኞቹም በመምህርነት ነበር። በዚያ ዘመን የተማሩ አባቶችና እናቶች የማያውቁት አገር፣ የማያውቁት ሰው ቤት ገብቶ መኖር ምን ያህል እንዳስተማራቸው ዛሬም ያወሳሉ። የዛሬው የመስክ ጥናት ከዚያ የሚለየው ተማሪው የሚወጣው ለማስተማር ሳይሆን ለመጠየቅና ለመማር በመሆኑ ነው።

የመጀመሪያው ሳምንት ገለጻ

ለዚህ ጽሑፍ ስንል አንድ ኮሌጅ ለአዲስ የሥነ ኅብረተሰብ ተማሪዎች የሚሰጠውን ገለጻና የመስክ ልምምድ ተከታትለን ነበር። የኮሌጁንም ሆነ የሰዎቹን ስም አንጠቅስም። ምክንያቱን ወደ በኋላ ታገኙታላችሁ።

መምህርቷ በመጀመሪያው ቀን ስለ ታላላቅ ምሁራን አላወሩም። «እስከ ዛሬ የምታውቁትን ሰፈር እንደ እንግዳ ሰው ሆናችሁ እዩት» ብለው ጀመሩ። የመጀመሪያው የቤት ሥራም በአንድ የታክሲ መጠበቂያ አጠገብ ለአንድ ሰዓት ተቀምጦ ያዩትን ብቻ መጻፍ ነበር። በማግስቱ አንድ ተማሪ «አንዲት ሴትዮ ተናደደች» ብሎ ጽፎ መጣ። መምህርቷ «መናደዷን እንዴት አየኸው?» ብለው ጠየቁት። ልጁ ጥቂት ካሰበ በኋላ «ድምፅዋን ከፍ አድርጋ ረዳቱን ተናገረችው፤ ከዚያም ዘንቢሏን መሬት ላይ ጣል አደረገችው» አለ። «እንግዲያው ይህንኑ ጻፍ» አሉት። «ያየኸው ሌላ፣ የገመትከው ሌላ ነው። ምናልባት መልሷን ከልክሏት ይሆናል፤ ምናልባትም ጆሮው አልሰማ ብሎት ይሆናል። ሳትጠይቃት አታውቅም።»

ሁለተኛው ልምምድ ስለ እድር ነበር። መምህርቷ «የእድር ድንኳን ያላየ አለ?» ሲሉ ማንም እጁን አላወጣም። «መዝገቡ አጠገብ የሚቀመጠው ማነው? ሽንኩርት የሚልጠውስ? በመጀመሪያ የሚበላው፣ በመጨረሻ የሚበላውስ?» እያሉ አከታትለው ሲጠይቁ ክፍሉ ጸጥ አለ። ከልጅነታቸው ጀምሮ ያዩትን ነገር ልብ ብለው እንዳላዩት ተገነዘቡ። ተማሪውን ከሥነ ኅብረተሰብ ጋር የሚያስተዋውቀው እንግዲህ ይህን የመሰለው ትምህርት ነው።

ተራ ቁጥር 7

በሁለተኛው ሳምንት ተማሪዎቹ ሁለት ሁለት እየሆኑ፣ የኮሌጁን የትብብር ደብዳቤ ይዘው፣ የወረዳውንና የእድሩን ሹማምንት ካስፈቀዱ በኋላ ወደ አንድ ሰፈር ገቡ። እኛም ፈቃድ ጠይቀን ከሁለት ልጃገረዶች ጋር አብረን ወጣን።

በያዙት መጠይቅ ላይ ተራ ቁጥር 7 «ሥራ አለዎት?» የሚል ነበር። መልሱ «አለኝ» ወይም «የለኝም» ነው። ከደረስንባቸው እናቶች የሚበዙት «ኧረ የለኝም ልጄ፣ እቤት ነኝ» አሉ። ተማሪዋም «የለኝም» በሚለው ላይ ምልክት እያደረገች አለፈች። ልንወቅሳት አይገባም። ይህች ጸሐፊም በሥራዋ ከብዙ እናቶች ጋር ስትነጋገር ይህንኑ ጥያቄ ስትጠይቅ፣ ይህንኑም መልስ ስትጽፍ ኖራለች።

ወደ ኮሌጁ ሲመለሱ መምህርቷ ወረቀቶቹን አገላበጡና አንዱን አነሡ።

«የእኒህን እናት በር ስታንኳኪ ምን ሲሠሩ አገኘሻቸው?»

«እንጀራ እየጋገሩ ነበር።»

«ለቤታቸው ነው?»

«አይደለም፤ ለሱቅ የሚያስረክቡት ነው። ጥግ ላይ ሌማት ሙሉ ተደርድሮ ነበር።»

«ታዲያ ሥራ የለም ብለሽ ምን ጻፍሽ?»

ልጅቷ ፊቷ ቀላ። «እርሳቸው የለኝም ስላሉኝ ነው» አለች። መምህርቷ አልተቆጧትም። «እርሳቸው ‹ሥራ› ሲሉ ቢሮ ገብቶ፣ ፈርሞ፣ ደመወዝ መቀበል ማለታቸው ነው። አንቺም እንደዚያው ነው የገባሽ። የሁለታችሁም መልስ ውሸት አይደለም፤ ጥያቄው ነው የጎደለው። ነገ ተመለሺና ስለ ሥራ ሳታነሺ፣ ትናንት ከእንቅልፋቸው ከተነሡ ጀምሮ ምን ምን እንዳደረጉ በየሰዓቱ እንዲነግሩሽ ጠይቂያቸው» ብለው አሰናበቷት።

በማግስቱ ተመለስን። እኒያ እናት በርጩማ አቅርበው አስቀመጡንና ሽንኩርት እየከተፉ መተረክ ጀመሩ። ከሌሊቱ 10 ሰዓት ተነሥተዋል፤ የቧንቧ ውኃ የሚመጣው በሌሊት ነውና። ጀሪካኖቹን ሞልተው ሲያበቁ ምጣዱን ሰኩ። እስከ 1 ሰዓት ተኩል ጋገሩ። በመካከሉ ሁለት ልጆች አለበሱ፣ ቁርስ አበሉ፣ ምሳ ቋጠሩ። ልጆቹን ትምህርት ቤት አድርሰው ሲመለሱ ከጉሊት ሽንኩርትና ቲማቲም ገዙ። አልጋ ላይ የዋሉትን አማታቸውን አጠቡ፣ አበሉ፣ አገላበጡ። እንጀራውን አስረከቡ። ልብስ አጠቡ። ወጥ ሠሩ። በ9 ሰዓት ተኩል ልጆቹን አመጡ። ማታ እራት አቀረቡ፣ ዕቃ አጠቡ፣ ለነገው ሊጥ አቡክተው ከሌሊቱ 4 ሰዓት ተኩል ተኙ።

ተማሪዋ ሁለት ገጽ ሞላች። «እማማ፣ መቼ ነው የሚያርፉት?» ስትላቸው «ቡና ስንጠጣ ነዋ» አሉ። ትንሽ ቆየት ብለው ደግሞ ሳቅ እያሉ «ቡናውንም የማፈላው እኔው ነኝ እንጂ» አሉ።

ደብተሩ ሊዘጋ ሲል እኒያ እናት እጃቸውን በሽርጣቸው ጠረጉና ያላሰብነውን ጥያቄ አነሡ። «ልጄ፣ እንደው ማታ ባለቤቴ ሲገባ መጥተሽ ይህንን ታነቢለታለሽ?»

ተማሪዋ ግራ ገባት። ለማንበብ ልቧ ወዷል፤ ነገር ግን በገለጻው ሳምንት ከተማረቻቸው ደንቦች ዋነኛው የሰማችውን ለሌላ ሰው አለመናገር ነው። ባልም ቢሆን ሌላ ሰው ነው። በዚያ ላይ ተማሪዋ ቢያነብቡላት ቤት ውስጥ የሚነሣውን ነገር እርሷ አትችለውም፤ አንብባ ትወጣለች፤ ቤቱ ውስጥ የሚቀሩት እናትየዋ ናቸው። ወጥታ ለመምህርቷ ስልክ ደወለች። የተሰጣት መልስ ይህ ነበር፦ «ታሪኩ የእርሳቸው ነው። በጥሩ ወረቀት ገልብጪና ስጫቸው። ለማን እንደሚያስነብቡት የሚወስኑት ራሳቸው ናቸው። አንቺ ግን ለማንም አታነቢም።» እንደተባለችው አደረገች። እናትየዋም ወረቀቱን አጥፈው ከልጆቹ የክትባት ካርድ ጋር በአንድ ፌስታል አስቀመጡት። ባለቤታቸው አንብበውት እንደ ሆነ አልጠየቅንም። ውሎአቸው በዚህ ዓምድ እንዲወጣ የፈቀዱትም ስማቸውና ሰፈራቸው እንዳይጠቀስ ከተስማማን በኋላ ነው።

ሌሎችም የጠየቁት ጥያቄ

ደብተር ይዞ ደጅ ማንኳኳት ሴቶች ቀደም ብለው የገቡበት ሥራ ነው። ጄን አዳምስና ጓደኛቸው ኤለን ጌትስ ስታር እ.ኤ.አ. በ1889 በቺካጎ የድሆች ሰፈር «ሃል ሃውስ» የተባለውን ቤት ከፈቱ። በዚያ የሚኖሩት ሴቶች ከጎረቤቶቻቸው ጋር እየኖሩ ኑሮአቸውን አጠኑ። እ.ኤ.አ. በ1895 ያሳተሙት መጽሐፍም የየቤቱን የሳምንት ገቢና ነዋሪዎቹ የመጡበትን አገር በቀለም ለይቶ የሚያሳይ ካርታ ይዞ ወጣ።

የቤት ውስጥ ሥራን በተመለከተ ደግሞ እንግሊዛዊቷ ምሁር አን ኦክሌይ 40 የለንደን የቤት እመቤቶችን አነጋግረው እ.ኤ.አ. በ1974 መጽሐፍ አሳተሙ። ሴቶቹ በቤታቸው የሚሠሩት በአማካይ በሳምንት 77 ሰዓት ሆኖ ተገኘ። በፋብሪካ ወይም በቢሮ በቀን 8 ሰዓት በሳምንት 5 ቀን የሚሠራ ሰው 40 ሰዓት ይሠራል። ልዩነቱን አንባቢያን ራሳችሁ አስሉት።

በአገራችንም በጊዜው ማዕከላዊ ስታቲስቲክስ ኤጀንሲ ይባል የነበረው መሥሪያ ቤት፣ ዛሬ የኢትዮጵያ ስታቲስቲክስ አገልግሎት የሚባለው፣ በ2005 ዓ.ም. ዕድሜያቸው 10 ዓመትና ከዚያ በላይ የሆኑ ሰዎች የቀኑን 24 ሰዓት በምን እንደሚያሳልፉ አጥንቷል። በዚያው እ.ኤ.አ. በ2013 የዓለም የሥራ ስታቲስቲክስ ባለሙያዎች በጄኔቫ ባደረጉት ጉባኤ «ሥራ» የሚለውን ቃል ሲተረጉሙ፣ ለቤተሰብ ተብሎ ያለ ክፍያ የሚከናወነውም ሥራ መሆኑን አጸደቁ። ቅጥርና ሥራ አንድ አይደሉም ማለት ነው። ተማሪዋ በአንድ ረፋድ የተማረችው፣ ታላላቅ ባለሙያዎች ብዙ ዓመት ተከራክረው የደረሱበትን ነው።

ይህ ለምን ይጠቅማል? ያልተቈጠረ ነገር በዕቅድ ውስጥ አይገባም። የሕፃናት ማቆያ የት ይከፈት፣ ውኃ በየትኛው ሰዓት ይለቀቅ፣ አዛውንትን በቤት የሚያስታምም ሰው ምን ይደገፍ የሚለው ሲታሰብ፣ እናቶቹ «ሥራ የላቸውም» ተብሎ ከተመዘገበ ጊዜ የተረፋቸው ይመስላል።

ደጃችሁ ሲንኳኳ

እንግዲህ ከዚህ የምንማረው ተማሪ በመጣች ጊዜ ሁሉ በር ወለል አድርገን እንክፈት ማለት አይደለም። ልናውቃቸው የሚገቡ ነገሮች አሉ።

አንደኛ፣ መታወቂያዋንና የኮሌጁን ደብዳቤ እንድታሳያችሁ ጠይቁ። እውነተኛ ተማሪ በዚህ አትቀየምም። ደብተር የያዘ ሁሉ ተማሪ አይደለምና፣ የባንክ ሒሳብ ቁጥር፣ የምሥጢር ቁጥር ወይም በስልክ የተላከላችሁን መልእክት የሚጠይቃችሁን ሰው በቶሎ አሰናብቱ።

ሁለተኛ፣ ጥናቱ ለምን እንደ ሆነና ወረቀቱ ማን ዘንድ እንደሚሄድ ጠይቁ። ስማችሁ እንዳይጻፍ ማለት ትችላላችሁ።

ሦስተኛ፣ መመለስ የማትፈልጉትን ጥያቄ መዝለል፣ ከጀመራችሁም በኋላ «ይብቃኝ» ማለት መብታችሁ ነው። ፎቶግራፍ ማንሣትም ሆነ ድምፅ መቅዳት ያለ ፈቃዳችሁ አይደረግም።

አራተኛ፣ ተማሪ እርዳታ አታመጣም። አመጣለሁ የምትል ካለችም ተሳስታለች። ስለዚህ ችግርን አለማጋነን፣ ያለንንም አለመደበቅ ይበጃል። እውነቱን መናገር ካልፈለግን ዝም ማለት ከሐሰት ይሻላል፤ የሐሰት መልስ ጎረቤቶቻችንንም በሐሰት ያስቈጥራልና።

ልጃችሁ ለመስክ ስትወጣ

ልጃችሁ ተማሪዋ ከሆነች ደግሞ ኃላፊነቱ ሌላ ነው። «የሰው ጓዳ ምን ጥልቅ አደረገሽ?» ብላችሁ አታሳፍሯት። ብቻዋን እንዳትወጣ፣ ቀን በቀን ሠርታ እንድትመለስ፣ የመምህርዋ ስልክ እቤት እንዲኖር ማድረግ ተገቢ ነው። የማያዳልጥ ጫማ፣ ነጠላ ወይም ሻርፕ፣ ውኃና ቁራሽ ዳቦ አትርሱ። ማታ ስትገባ ግን «እገሊት ቤት ምን አለሽ? እንዴት ይኖራሉ?» ብላችሁ አታውጣጧት። የሰው ምሥጢር መያዝ የትምህርቷ አካል ነው፤ የመጀመሪያው ፈተናም የገዛ እናቷ ጥያቄ ነው።

ስለ እንጀራዋ የምትጨነቁም ትኖራላችሁ። ሥነ ኅብረተሰብ ያጠኑ ሰዎች በማኅበራዊ ጉዳይ መሥሪያ ቤቶች፣ በምርምርና በስታቲስቲክስ፣ በበጎ አድራጎት ድርጅቶች፣ በማስተማርም ይሠራሉ። ሥራ እንደ ልብ ይገኛል ብለን ልናታልላችሁ ግን አንሻም። ሰውን አስጨርሶ መስማት፣ ያዩትን ከገመቱት መለየት የቻለ ልጅ ግን በየትኛውም የሥራ መስክ ቢሰማራ ዕውቀቱ አይባክንም።

ልምምዱ ካለቀ በኋላ ያችን ተማሪ ምን እንደተማረች ጠይቀናት ነበር። ከመጽሐፍ የሆነ ነገር ትጠቅሳለች ብለን ስንጠብቅ እንዲህ አለችን፦ «ኮሌጅ ስገባ የሞላሁት ቅጽ ላይ ‹የእናት ሥራ› የሚል ቦታ ነበር። እኔ እዚያ ላይ ሰረዝ ነው ያደረግሁበት። እናቴ ጠላ እየጠመቀች ነው እስከ 12ኛ ክፍል ያስተማረችኝ።» ያን ማታ ወደ ቤቷ ደውላ «እማዬ፣ ዛሬ ከጠዋት ጀምሮ ምን ስትሠሪ ዋልሽ?» ብላ እንደጠየቀቻት፣ እናቷም መጀመሪያ «ምን ሆንሽብኝ? አመመሽ እንዴ?» ብለው እንደደነገጡ ነገረችን። ከዚያ በኋላ ግን እስክሪብቶ አንሥታ ከአንድ ሰዓት በላይ ስትጽፍ እንዳመሸች አጫወተችን።

እናቶችና እህቶች፣ ተማሪ እስኪመጣ መጠበቅ አያሻም። በዚህ ሳምንት አንድ ምሽት ከልጆቻችሁ ደብተር አንድ ገጽ ውሰዱና ከተነሣችሁበት ሰዓት እስከተኛችሁበት ድረስ የዋላችሁትን ጻፉ፤ ለመጻፍ የማይመቻችሁ ከሆነ ልጆቻችሁ ይጻፉላችሁ። በሚቀጥለው ጊዜ ትምህርት ቤት፣ ጤና ጣቢያ ወይም ወረዳ ቅጽ ሲቀርብላችሁና «ሥራ» የሚለው ቦታ ላይ ስትደርሱ፣ ሰረዝ ከማድረጋችሁ በፊት ያንን ገጽ አስታውሱት።